ግማሽ ፈረስ ጉልበት ያላት የውሃ ፓምፕ፦ ሰሌዳዋ ላይ የተጻፈው 35 ሜትር የት ይገባል?

ፍርዱን ከፊት ላስቀምጠው። ጥሩ ዕቃ ናት። ግቢ ውስጥ ካለ ሮቶ ጣሪያ ላይ ወዳለ ሮቶ ውሃ ማውጣት ከሆነ የምትፈልጉት፣ ግዟት። ከጉድጓድ ልትስቡባት ካሰባችሁ ግን፣ በተለይ አዲስ አበባ ከሆናችሁ፣ ገንዘባችሁን ያዙ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች በደንብ አስረዳለሁ።

የማወራው መርካቶ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ በየመደርደሪያው ስለምታዩዋት ትንሽዬ ፓምፕ ነው። ግማሽ ፈረስ ጉልበት፣ 0.37 ኪሎዋት፣ 220 ቮልት፣ መግቢያዋም መውጫዋም አንድ ኢንች። አንዷ ሰማያዊ ተቀብታ ትመጣለች፣ ሌላዋ አረንጓዴ፣ ሌላዋ ብርቱካናማ። የሚለጠፍባቸው ስም ይለያያል እንጂ ሲከፈቱ ውስጣቸው አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ይህንን የአንድ ብራንድ ሳይሆን የዚያች ዓይነት ፓምፕ ግምገማ ነው ብላችሁ አንብቡት።

ይበልጥ የምጽፈው ደግሞ ፍሉይድ ሜካኒክስ ወይም ሃይድሮሊክስ ለምትወስዱ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነው። አምስት ኪሎ ሁኑ አርባ ምንጭ፣ ባሕር ዳር ሁኑ ጅማ፣ ቀመሮቹ ያው ናቸው። ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፣ ፈተና ላይ ይመጣሉ፣ ከዚያ ይረሳሉ። ይህች ፓምፕ ግን አንድ ጀሪካን፣ አንድ የግፊት ጌጅ እና ሁለት ሜትር ውስጡ የሚታይ ጎማ ከተጨመረላት የኮርሱን ግማሽ ዓይናችሁ ስር ታመጣላችኋለች። ላብራቶሪ ውስጥ ያለው ማሽን ተራ እስኪደርሳችሁ መጠበቅ የለባችሁም። ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ጋ አንዷ አትጠፋም።

ሰሌዳዋን እናንብብ። የእኔዋ ላይ ከፍተኛ ከፍታ 35 ሜትር፣ ከፍተኛ ፍሰት 35 ሊትር በደቂቃ፣ የመሳብ አቅም 8 ሜትር፣ 2850 ዙር በደቂቃ ይላል። ሻጩ ይህንን አንብቦ፣ «እህቴ፣ ይቺ እኮ 35 ሜትር ላይ በደቂቃ 35 ሊትር ነው የምታስፈነጥርልሽ፤ አስረኛ ፎቅ ብትዪም ታደርሳለች» አለኝ። ሊያታልለኝ ፈልጎ አይመስለኝም። ያየውን ነው ያነበበው። ችግሩ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ የማይገኙ መሆናቸው ነው። 35 ሜትር የምትደርሰው ፍሰቱ ዜሮ ሲሆን ነው፤ ማለትም ውሃው ቧንቧው ውስጥ 35 ሜትር ላይ ወጥቶ ይቆማል፣ አንዲት ጠብታም አትፈስም። 35 ሊትር የምትሰጠው ደግሞ ምንም ከፍታ ሳይኖር፣ መውጫዋ ላይ ምንም ሳይገጠም ነው። እናንተ የምትጠቀሙባት ከሁለቱ መሃል ነው። መምህራችሁ የፓምፕ ከርቭ ብሎ የሚስለው መስመር ይህ ነው፤ በአንድ በኩል ከፍታ፣ በሌላ በኩል ፍሰት፣ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል።

ይህንን ማየት ቀላል ነው። መውጫው ላይ የግፊት ጌጅ ግጠሙ፣ ከጌጁ ቀጥሎ ቫልቭ ይኑር፣ ፓምፗን አስነሱና ቫልቩን ዝጉት። የእኔዋ 3.1 ባር አነበበች። አንድ ባር ወደ 10.2 ሜትር የውሃ ከፍታ ነው፣ ስለዚህ ወደ 32 ሜትር መሆኑ ነው። ከሰሌዳው ትንሽ ያነሰ ቢሆንም ለዚህ ዋጋ አልከፋኝም፤ በዚያ ሰዓት የእኛ ሰፈር መብራት 220 ቮልት አልሞላም ነበር። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ቫልቩን ዘግታችሁ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አትቆዩ። ውሃውን ከመሃል ወደ ዳር በሚወረውረው በተለመደው ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ፍሰቱ ሲዘጋ ሞተሩ ይቀለዋል፤ በዚህችኛዋ ግን ተቃራኒው ነው። ፍሰቱ በታነቀ ቁጥር ብዙ ኃይል ትስባለች፣ ሆዷ ውስጥ ያለችው ትንሽ ውሃም ቶሎ ትሞቃለች።

ለምን ተቃራኒ ሆነ? ምክንያቱም ይህች ሴንትሪፉጋል አይደለችም፣ ፔሪፈራል የሚባለው ዓይነት ናት። የፊት ሽፋኗን የያዙትን ብሎኖች ፈታ ፈታ አድርጋችሁ ብትከፍቷት የመዳፍ ያህል የምትሆን የነሐስ ክብ ታገኛላችሁ፤ ዙሪያዋን በሁለቱም ጎን አጫጭር ጥርሶች ተፈልፍለውባታል። ውሃው በመግቢያው ገብቶ በጥርሶቹ መሃል እየተሽከረከረ፣ ወጣ ገባ እያለ፣ በአንድ ዙር ውስጥ ደጋግሞ እየተገፋ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ግፊት ትንሽ ኃይል ይጨመርበታል። ለዚህ ነው በዚህ ትንሽ አካል 3 ባር የሚገኘው፤ በአንዲት ክብ ይህንን ግፊት ልስጥ የሚል ሴንትሪፉጋል ፓምፕ በጣም ትልቅ ክብ ያስፈልገዋል። በምላሹ የሚከፈለው ዋጋ አለ። ክቧና ቤቷ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ቀጭን ነው፤ አሸዋ ከገባ ነሐሱን ይፍቀዋል፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ውሃው ወደ ኋላ ያመልጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል። መስመር ተጠግኖ ውሃ ሲለቀቅ የሚመጣውን ቡናማ ውሃ አይታችኋል። እሱን ቀጥታ ለዚህች ፓምፕ መስጠት እሷን መግደል ነው። ሮቶው ውስጥ ይረፍ፣ ደለሉ ይዝቀጥ፣ የፓምፗ መሳቢያም ከሮቶው ወለል ትንሽ ከፍ ይበል። መግቢያ ላይ ወንፊት ያለው ማጣሪያ ግጠሙ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ወደ ቧንቧው። ሰዎች ስለዚህች ፓምፕ «ደካማ ናት፣ አታደርስም» ሲሉ እሰማለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የእኛ ቤት ሁለት ፎቅ ነው። ከታችኛው ሮቶ የውሃ ወለል እስከ ላይኛው ሮቶ መግቢያ 9 ሜትር ነው፤ ቧንቧው ዞሮ ዞሮ ወደ 20 ሜትር ይደርሳል። ቤቱ ሲሠራ የቧንቧ ሠራተኛው የዘረጋው 20 ሚሊሜትር ፒፒአር የሚባለውን የፕላስቲክ ቧንቧ ነበር። ፒፒአር ላይ 20 ሲባል የውጪው ስፋት ነው። ግድግዳው 3.4 ሚሊሜትር ስለሆነ ውሃው የሚያልፍበት ቀዳዳ 13.2 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል። ቀጣዩ ቁጥር፣ 25ቱ፣ ግድግዳው 4.2 ሆኖ ውስጡ 16.6 ነው። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ስታዩዋቸው ልዩነታቸው ኢምንት ይመስላል። ሦስት ሚሊሜትር ተኩል እንኳን አይሞላም።

አስሉት። በደቂቃ 20 ሊትር ይለፍ እንበል። በ13.2ቱ ውስጥ ፍጥነቱ 2.4 ሜትር በሰከንድ ይሆናል፣ በ16.6ቱ ደግሞ 1.5 ገደማ። ፍሰቱ ጸጥ ያለ ይሁን የተናወጠ የሚለየው የሬይኖልድስ ቁጥር በሁለቱም ከ25,000 ይበልጣል። ስለዚህ ፍሰቱ ተርቡለንት፣ ማለትም የተናወጠ ነው፣ ጥርጥር የለውም። ለስላሳ ቧንቧ የሚሆነውን የፍሪክሽን ፋክተር (የሰበቃ ቁጥር) ወስዳችሁ ቧንቧ ውስጥ የሚጠፋውን ከፍታ የሚያሰላው የዳርሲ ቫይስባህ ቀመር ውስጥ ስትከቱት፣ በ20 ሜትር ርዝመት ቀጭኑ ቧንቧ ወደ 10.8 ሜትር ከፍታ ይበላል፣ ወፍራሙ 3.6። ሦስት እጥፍ! ቀጭኑ ውስጥ በሰበቃ ብቻ የሚጠፋው ከፍታ ውሃውን ጣሪያ ላይ ለማድረስ ከሚያስፈልገው 9 ሜትር ይበልጣል ማለት ነው። ፓምፗ አንድ ቤት ላይ ውሃ እያወጣች ሁለት ቤት የማውጣት ያህል ትለፋለች።

ይህ ከየት መጣ? የስፋቱ ርቢ (ስፋቱ በራሱ ስንት ጊዜ እንደሚባዛ) አምስት መሆኑ ነው ቁልፉ። ፍሰቱ እኩል ከሆነ የሚጠፋው ከፍታ ለቧንቧው የውስጥ ስፋት አምስተኛ ርቢ በተገላቢጦሽ ይሄዳል። ስፋቱን ሩብ ያህል ጨምሩ፣ ብክነቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ተማሪዎች ይህንን ቀመር ይሸመድዱታል፣ ግን አምስት የሚለው ቁጥር ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ አይሰማቸውም። ከእሱ በላይ ደግሞ ያንን ሰበቃ የሚፈጥረው ነገር መታየት አለበት። ውሃ ቧንቧ ውስጥ ሲሄድ ግድግዳውን የነካችው የውሃ ሽፋን አትንቀሳቀስም፤ ቆማለች፤ ቀጥሎ ያለችው ትንሽ ትሄዳለች፤ መሃል ላይ ያለው ይሮጣል። እነዚህ ሽፋኖች እርስ በርስ ይጎታተታሉ። ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ውሃው ሁሉ ለግድግዳው ቅርብ ነው፣ ማምለጫ የለውም። ፍሰቱ ተርቡለንት ሲሆን ደግሞ መሃል ያለው ፈጣን ውሃ ወደ ግድግዳው እየተወረወረ፣ ቀርፋፋው ወደ መሃል እየገባ ብክነቱ ይብሳል።

ዳርሲ የሚለው ስም እኮ ከላብራቶሪ ብቻ የመጣ አይደለም። ሄንሪ ዳርሲ የዲዦን ከተማን የውሃ አቅርቦት የሠራ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነበር። በ1850ዎቹ በእውነተኛ ቧንቧዎች ላይ ስንት ግፊት እንደሚጠፋ ለክቶ ውጤቱን በ1857 አሳተመ። ቫይስባህ ጀርመን ሆኖ ቀመሩን ቀደም ብሎ በ1845 አቅርቦት ነበር። ለከተማ ውሃ ማዳረስ ነው ይህንን ሳይንስ ወደፊት የገፋው፤ እኛ ዛሬ በፈረቃ የምናገኘውን ውሃ ጣሪያ ላይ ለማውጣት የምንጠቀምበት ያንኑ ነው።

በወረቀት ብቻ አላበቃሁም። ጣሪያ ላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዤ፣ የስልክ ሰዓት አብርቼ ለካሁት። በድሮው ቧንቧ ጀሪካኑ በ75 ሰከንድ ሞላ፣ ማለትም 16 ሊትር በደቂቃ። መስመሩን በ25 ፒፒአር ካስቀየርኩ በኋላ 60 ሰከንድ ሆነ፣ 20 ሊትር በደቂቃ። አንድ ሺህ ሊትሯ ሮቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ትፈጅ የነበረችው በ50 ደቂቃ ትሞላለች። እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፦ ብክነቱ ወደ ሲሶ ከወረደ ፍሰቱ ለምን ሩብ ብቻ ጨመረ? መልሱ ያው የፓምፗ ከርቭ ነው። የዚህች ፓምፕ መስመር ቁልቁል የሚወርድ ነው፤ ብዙ ፍሰት በጠየቃችኋት ቁጥር የምትሰጠው ከፍታ በፍጥነት ይቀንሳል። የቧንቧው መስመርና የፓምፗ መስመር የሚገናኙባት ነጥብ ናት የምትሠራባት ቦታ። ሁለቱን መስመሮች በካሬ ወረቀት ላይ ስላችሁ መገናኛቸውን ፈልጉ። እኔ ስስለው ከጀሪካኑ ልኬት ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ነው የሰጠኝ። ልዩነቱ ኤልቦዎቹ ናቸው፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ ትንሽ ትንሽ ይቆርሳል። በወረቀት የተገኘ ቁጥር ከጀሪካን ጋር እንደዚህ ሲቀራረብ ደስ ይላል፣ ሞክሩትና ታዩታላችሁ።

ስለ ቅልጥፍናዋ አንድ ነገር ልናገር። 20 ሊትር በደቂቃ ወደ 13 ሜትር ተኩል ጠቅላላ ከፍታ ማውጣት ማለት ውሃው ላይ የሚያርፈው ኃይል ወደ 45 ዋት ነው። ሞተሯ ላይ 370 ዋት ተጽፏል። አብዛኛው ኃይል ጥርሶቹ መሃል በሚሽከረከረው ውሃ ውስጥ ወደ ሙቀት ይቀየራል። ይህ የዚህ ዓይነት ፓምፕ ባሕርይ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ለምትሠራ የቤት ፓምፕ ብዙም አያሳስብም። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ መስኖ ግን ፈጽሞ አይሆንም፣ የመብራት ቆጣሪያችሁን አስቡት።

ቃል የገባሁት የጉድጓዱ ጉዳይ ይኸው። ሰሌዳው ላይ «የመሳብ አቅም 8 ሜትር» ይላል። ፓምፕ ግን ውሃ አይስብም። መግቢያዋ ላይ ያለውን ግፊት ትቀንሳለች፣ ከዚያ ውሃውን ከታች ወደ ላይ የሚገፋው የከባቢው አየር ነው። በ1640ዎቹ ጣሊያን ውስጥ የውሃ ባለሙያዎች በመሳቢያ ፓምፕ ከ10 ሜትር ገደማ በላይ ውሃ እንደማይወጣ ያውቁ ነበር፤ ምክንያቱን በባሮሜትሩ ያሳየው ቶሪቼሊ ነው። ባሕር ጠለል ላይ አየሩ የሚችለው 10.3 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ግን ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ይህም 7.8 ሜትር ውሃ ብቻ ይሸከማል። ልብ በሉ፣ ምንም ሰበቃ ሳይኖር፣ ፍጹም በሆነ ባዶነት። ሰሌዳው ላይ ያለው 8 ሜትር በአዲስ አበባ በየትኛውም ፓምፕ፣ በየትኛውም ዋጋ የማይቻል ነገር ነው። ድሬዳዋ ብትሆኑ፣ ከፍታዋ ወደ 1,200 ሜትር ስለሆነ፣ አየሩ ወደ 9 ሜትር ይሸከማል።

ገና አላለቀም። ግፊቱ በጣም ሲወርድ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል። 20 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ ግፊቱ ወደ 2.3 ኪሎፓስካል ሲወርድ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ያ ሌላ ሩብ ሜትር ገደማ ይቀንስባችኋል። አዲስ አበባ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ የመሳቢያው ቧንቧ ሰበቃ አለ፣ ቧንቧው ጫፍ ላይ ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘው ፉት ቫልቭ አለ፣ ፓምፗ ራሷ መግቢያዋ ላይ እንዲኖርላት የምትፈልገው ትርፍ ግፊት አለ። ሁሉም ተቀናንሶ አዲስ አበባ ላይ ከ5 ሜትር በላይ ጥልቀት ላለው ውሃ በዚህች ፓምፕ አትተማመኑ እላለሁ። ወደ ላይ የምትገፋበት ከፍታ ግን በሀገሩ ከፍታ አይነካም፤ ይቺን ለዩ። የሚጎዳው መግቢያው በኩል ያለው ብቻ ነው።

ይህንን በዓይን ማየት ለሚፈልግ ተማሪ የመሳቢያውን ቧንቧ ግማሽ ሜትር ያህሉን ውስጡ በሚታይ ጠንካራ ጎማ ተኩት፤ በፊቱ ቫልቭ ይኑር። ፓምፗ እየሠራች ቫልቩን ቀስ እያላችሁ አጥብቡት። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ጎማው ውስጥ እንደ ጤፍ የደቀቁ አረፋዎች ብቅ ብቅ ይላሉ፤ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረው አየር ነው። ትንሽ ስትጨምሩበት ጎማው ይጨመደዳል፣ የፓምፗ ድምፅ ይቀየራል፣ ጠጠር የበላች ያህል ትንኮሻኮሻለች፣ የጌጁ መርፌም ይንቀጠቀጣል። ካቪቴሽን ይሄ ነው። መግቢያው ላይ የተፈጠሩ የእንፋሎት አረፋዎች ግፊት ወዳለበት ሲደርሱ በቅጽበት ይፈርሳሉ፣ ሲፈርሱም ነሐሱን ይመታሉ። ድምፁን ከሰማችሁ ቫልቩን ወዲያው ክፈቱት። አንዴ ከሰማችሁት ሌላ ቦታ ላይም፣ ፋብሪካ ውስጥ እንኳን ቢሆን፣ ታውቁታላችሁ።

ለዚህ ነው አገጣጠሟ ከዕቃው በላይ ወሳኝ የሚሆነው። ሮቶው ከፓምፗ ከፍ ብሎ ቢቀመጥና ውሃው በራሱ ክብደት ቢገባላት የመሳብ ጣጣ የሚባል ነገር የለም። በውሃ መሙላትም አያስቸግራችሁም። መሳቢያ ቧንቧው ከአንድ ኢንች እንዳያንስ፣ አጭር ይሁን፣ መጋጠሚያው ላይ ቴፍሎን በደንብ ይጠምጠም። ከመሳቢያ በኩል የሚያፈስ መጋጠሚያ ውሃ አያንጠባጥብም፣ አየር ነው የሚያስገባው፤ ስለዚህ በዓይን አታገኙትም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ጉዳይ ፓምፗ ስትጠፋ የሚሰማው «ዷ!» የሚል ድምፅ ነው። ቧንቧው ውስጥ ሲወጣ የነበረው ውሃ ይቆማል፣ ወደ ኋላ መመለስ ይጀምራል፣ ያን ጊዜ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው ቼክ ቫልቭ ይዘጋበታል። የሚንቀሳቀስ ውሃ በድንገት ሲቆም የሚፈጠረውን ግፊት ዡኮቭስኪ የሚባል ሩሲያዊ በሞስኮ የውሃ መስመር ላይ አጥንቶ በ1898 አሳትሞታል። ቀመሩ አጭር ነው፦ የውሃው እፍጋት፣ ቧንቧው ውስጥ የግፊት ሞገድ የሚሄድበት ፍጥነትና የጠፋው የውሃ ፍጥነት ይባዛሉ። በብረት ቧንቧ ሞገዱ በሰከንድ ወደ 1,300 ሜትር ስለሚሄድ በሰከንድ አንድ ሜትር የሚጓዝ ውሃ በቅጽበት ቢቆም 13 ባር ገደማ ይፈጥራል፤ ፓምፗ ራሷ ከምትሰጠው አራት እጥፍ በላይ። ፒፒአር ስለሚለጠጥ ሞገዱ በጣም ይዘገያል፣ ምቱም ያን ያህል አይከፋም። ያም ሆኖ እኛ ጋ የነበረው ያለ ስፕሪንግ የሚዘጋ ቼክ ቫልቭ ነበር፣ በስፕሪንጉ ሲተካ ድምፁ ጠፋ። ስፕሪንጉ ውሃው ገና ወደ ኋላ ሳይፈጥን ስለሚዘጋው ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር፣ ይህችን ፓምፕ ከከተማው መስመር ጋር ቀጥታ አታገናኟት። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ግፊቱ ደካማ ነው ብለው የሚያደርጉት አሉ። የጎረቤትን ውሃ መቀማት ነው፣ ይህ አንድ። መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው በታች ከወረደ ደግሞ ቧንቧው በተሰነጠቀበት ቦታ ሁሉ የአፈሩ ውስጥ ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ፈሳሽ ምንጊዜም የሚሄደው ግፊት ወደሚያንስበት ነው። ያንን ውሃ ልጆች ይጠጡታል። ውሃው በራሱ ግፊት ሮቶው ውስጥ ይግባ፣ ከዚያ በኋላ የፓምፗ ሥራ ይጀምር።

ላሚናር፣ ማለትም ሽፋን በሽፋን ሆኖ ጸጥ ብሎ የሚሄድ ፍሰትን በዚህች ፓምፕ አታዩትም፣ በጣም ፈጣን ናት። ግን ከላይኛው ሮቶ 8 ሚሊሜትር ውስጥ ያላት የምትታይ ጎማ አውርዳችሁ ጫፏ ላይ በቫልቭ አጥብቡ። አንድ ሊትር ጠርሙስ ለመሙላት ከ80 ሰከንድ በላይ የሚወስድ ከሆነ የሬይኖልድስ ቁጥሩ ከ2,000 በታች ነው። በስሪንጅ ቀይ ቀለም ውጉባት። ቀለሙ መሃል መሃሉን ሹል ሆኖ ይሄዳል፣ ግድግዳው ላይ የቀረው ግን ቀይ ፊልም ሆኖ ይለጠፋል፣ ለመታጠብም ጊዜ ይወስዳል። ቅድም ግድግዳው ላይ ያለችው ሽፋን ቆማለች ያልኳችሁ ይህችው ናት። ከዚያ ቫልቩን ክፈቱት። ቀጭኑ ክር ይንቀጠቀጣል፣ ይበጣጠሳል፣ ጎማው በሙሉ ሮዝ ይሆናል። ኦዝቦርን ሬይኖልድስ በ1883 ማንቸስተር ላይ በመስታወት ቱቦ ያሳየው ይህንን ነው። አንድ ብር የማያስወጣ ሙከራ ነው፣ እባካችሁ ሳትሞክሩት እንዳትመረቁ።

የቀሩትን በፍጥነት ልጥቀስ። ድምፅዋ ከፍ ያለ ነው፣ መኝታ ቤት ግድግዳ ጋ አታስጠጓት። ከሥሯ የጎማ ምንጣፍ ይደረግላት። ሞተሮች በአብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው ነው የሚለኩት፤ እዚህ ሳሳ ያለው አየር እኩል ስለማያቀዘቅዛት ጠባብ ሳጥን ውስጥ አትቆልፉባት። ስትገዙ የመጠምጠሚያው ሽቦ መዳብ ነው አሉሚኒየም ብላችሁ ጠይቁ፤ መዳቡ ይመዝናል፣ በእጅ ስታነሷት ይታወቃል። ከኋላ ያለውን ማራገቢያ በእጃችሁ አሽከርክሩት፣ ሳይይዝ መዞር አለበት። ያለ ውሃ አታስነሷት፤ ውስጧ ያለው፣ ውሃ ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋው «ሲል» በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው፣ በደረቅ ከሠራ በደቂቃዎች ይቃጠላል። ፍሎት ስዊች (ውሃው ሲያልቅ ፓምፗን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ) ታችኛው ሮቶ ውስጥ መግጠም ከዚህ ያድናችኋል፣ ያለ እሱ እንድትጠቀሙባት አልመክርም።

እንግዲህ ማን ይግዛት? እስከ ሁለት ፎቅ ያለው፣ ታች ሮቶ ያለው፣ 25 ፒፒአር ለመዘርጋት የማይሰስት ሰው ያለ ሐሳብ ይግዛት። ሦስት ፎቅ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ከርቩን ሳሉት፤ ትወጣለች፣ ግን ሮቶው እስኪሞላ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ለሆነ ሕንፃ ወይም ብዙ ቤተሰብ ለሚጠቀምበት ግቢ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ፈልጉ፤ ሻጩንም «ከፍተኛው ስንት ነው» ሳይሆን «በእኔ ከፍታ ላይ በደቂቃ ስንት ሊትር ትሰጣለች፣ ከርቩን አሳየኝ» በሉት። ካርቶኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ታትሞ ይመጣል። ጥልቅ ጉድጓድ ያላችሁ ደግሞ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከታች የሚገፋውን ዓይነት ነው የምትፈልጉት። መለዋወጫዋ በየሱቁ አለ፣ ሲሏን ማንኛውም ዲናሞ ጠጋኝ ቁጭ ብሎ ይቀይርላችኋል።